የሥጋ መፍጫው እጅ ከያዘ

ቀኝ እጄ ላይ ሁለት ጣት የለኝም። የተቆረጡት ቄራ አካባቢ ሥጋ ስናዘጋጅ፣ በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ነው። ጾም ሊፈታ ነውና ትዕዛዙ አያልቅም። ጅማት የመፍጫው ጥምዝ ላይ ተጠምጥሞ ሥጋው አልወርድ አለ። የእንጨት መግፊያው ከጠፋ ሰንብቷል። በጣቴ ገፋሁት። ማሽኑ የጨርቅ ጓንቴን ያዘ፤ እጄ ተከትሎት ገባ።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። እጁን በጉልበት አትጎትቱ፣ ማሽኑንም ወደ ኋላ አታዙሩ። ልጆቹ ሊጎትቱኝ ሲሉ አጥንት ቆራጩ ጋሼ «ተዉት!» ብለው ጮኹ። መፍጫውን ከሞተሩ ፈትተው፣ እጄ እንዳለበት ሐኪም ጋ አደረሱኝ። የተረፉት ጣቶቼ የእሳቸው ናቸው።

በመጋዝ የተቆረጠ ጣት ከሆነ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙ። ጣቱን እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አስሩና ፌስታሉን በረዶ ላይ አድርጉት። ጣቱ ራሱ በረዶ አይንካ። አምቡላንስ በ907 ወይም በ939 ይጠራል።

ሲነጋ አሠሪዬ «ራስህ እኮ ነህ የከተትከው» አለኝ። አመንኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ፣ ሰክሮ የሠራ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ የጣሰ ግን ይለያል። «ተነግሮህ ነበር» ከተባላችሁ መቼ፣ በማን፣ በየትኛው ወረቀት ብላችሁ ጠይቁ።

የሕክምና ወጪው የአሠሪው ነው። ከሥራ ስትቀሩ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ 6 ወራት 50 በመቶ ይከፈላችኋል። ዘላቂ ጉዳት ከሆነ ሜዲካል ቦርድ የሚባለው የሐኪሞች ቡድን የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል። ከደመወዛችሁ ጡረታ ይቆረጥ ከነበረ የጉዳት ክፍያው በጡረታው በኩል ነው። ካልነበረ አሠሪው ይከፍላል፤ ለሙሉ ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዝ፣ ከዚያ ላነሰው በልኩ። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው 10 በመቶ ከተወሰነለት 36,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው።

የጽሑፍ ውል የለኝም ብላችሁ አትተዉት፤ በቃል የተደረገ ውልም ውል ነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳላችሁ «ትንሽ ብር ውሰድና ፈርም» ቢሏችሁ እንዳትፈርሙ! የሐኪም ወረቀቱ ላይ «በሥራ ላይ የደረሰ» ተብሎ መጻፉን አረጋግጡ። መከላከያ የሌለውን የማሽን አፍ በዚያው ቀን በስልክ አንሱ። የእኛው በማግስቱ መከላከያ ተገጠመለት።

ክሱ የሚቀርበው ለሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ግን 1 ዓመት ሳይሞላ ሂዱ፤ ጊዜው ካለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል። እኔ የሄድኩት በአሥራ አንደኛው ወር ነው። አሠሪው ደህና ጓንት ሰጥቼዋለሁ አለ። ለካ ጋሼ ያንን የተቀደደ የጨርቅ ጓንት ከቆሻሻ አውጥተው በፌስታል አስቀምጠውልኝ ኖሯል። ዳኛው ፊት አወጣሁት።