የማኅፀን በር ካንሰር የጨረር ዒላማ አካለል

በግንቦት ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ የጣና ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው የውኃ ጠርዝ የሐይቁ ሙሉ ወሰን አይደለም። ከውኃው ወዲህ፣ ደንገሉ ሥር፣ ለዓይን ደረቅ የሚመስል ሲረግጡት ግን እግር የሚያሰምጥ መሬት አለ፤ ከዚያም ወዲህ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ የሚደርስበት ስፍራ አለ። የጨረር ዒላማ የሚያካልል ሐኪም የሚያሰምራቸው ሦስት መስመሮችም ይህንኑ ይመስላሉ። ጂቲቪ በምርመራና በምስል የሚታየው ዕጢ ነው። ሲቲቪ ዕጢውን ይዞ፣ ምስል ባያሳያቸውም የካንሰር ሕዋሳት ሊኖሩበት የሚችለውን አካባቢ ይጨምራል። ፒቲቪ ደግሞ ሲቲቪውን ይዞ፣ ለአካል ክፍሎች እንቅስቃሴና በየቀኑ ለሚፈጠረው የአቀማመጥ ልዩነት የሚተወውን ኅዳግ ይጨምራል። ስያሜዎቹ በዓለም አቀፉ የጨረር አሃዶችና ልኬቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመው 50ኛ ሪፖርት ተደንግገዋል። ጀማሪ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው የአንዱን መስመር ሥራ ለሌላው ሲሰጥ ነው።

ሥራው ከኮምፒውተሩ በፊት በውኃ ይጀምራል። የሽንት ፊኛ ሲሞላ ማኅፀን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሲጎድል ወደ ፊት ይወድቃል፤ ልዩነቱም በሴንቲ ሜትር የሚለካ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታካሚዋ ፊኛዋን ባዶ ካደረገች በኋላ ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጥታ፣ የተወሰነ ደቂቃ ቆይታ ሲቲ ስካን እንድትነሣ፣ ከተቻለም በባዶ ፊኛ ሁለተኛ ምስል እንዲወሰድ ማድረግ ይገባል። በእኛ አገር አንድ ጥያቄ መታለፍ የለበትም፦ «ይጾማሉ ወይ?» በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምሱ እናት፣ ወይም በረመዳን የሚጾሙ እናት፣ ለፕላን ምስሉ ውኃ ጠጥተው ቢመጡም በሕክምናው ቀናት ፊኛቸው ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህ የታወቀው ምስሉ ከተነሣ በኋላ ከሆነ ዕቅዱ ከታካሚዋ ሰውነት ጋር አይገጥምም። ታማሚ ከጾም ነጻ መሆኑን ለሚያስረዱ የንስሐ አባት መልእክት መላክ፣ ካልሆነም የሕክምናውን ሰዓት ከጾሙ ጋር ማስማማት የዕቅዱ አካል ነው።

ጂቲቪን ለማስመር ሲቲ ብቻውን አይበቃም፤ የማኅፀን በር ዕጢ በሲቲ ላይ ከጤናማው ሥጋ በደንብ አይለይም። ኤምአርአይ ካለ በእሱ መመራት ነው። ከሌለ፣ በእጅ ምርመራ የተገኘው መጠንና አቅጣጫ በዚያው ቀን በወረቀት ላይ ይሣል፤ ዕጢው ወደ ብልት ቱቦ ከወረደ የታችኛው ጫፉ ላይ በምስል የሚታይ ምልክት ይቀመጥ።

ሲቲቪ ዕጢውን፣ መላውን የማኅፀን በርና ማኅፀን፣ በግራና በቀኝ እስከ ዳሌ ግድግዳ የሚደርሰውን ፓራሜትሪየም (በማኅፀኑ ጎንና ጎን ያለውን ሥጋ) እና የብልት ቱቦን የላይኛውን ክፍል ይይዛል፦ ቱቦው ካልተነካ ግማሹን፣ የላይኛው ክፍል ከተነካ ሁለት ሦስተኛውን፣ ሰፊ ከሆነ ሙሉውን። የንፍፊቶቹ ሲቲቪ የደም ሥሮችን ተከትሎ ይሠራል፤ በዙሪያቸው 7 ሚሊ ሜትር ይጨመርና ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከአንጀት ላይ ይቀነሳል። ላይኛውን ወሰን በአከርካሪ አጥንት ቁጥር ብቻ መወሰን ልማድ ነው፤ እኔ ግን ታላቁ የደም ቧንቧ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ በየታካሚዋ መፈለግን እመርጣለሁ፤ ከሰው ሰው ይለያያልና።

ፒቲቪ ላይ ድፍረት ያስፈልጋል። በሥልጠና ዘመኔ ፒቲቪው ፊኛውን ሲነካ አይቼ፣ ፊኛውን ያዳንኩ መስሎኝ መስመሩን ቆረጥኩት፤ የፊዚክስ ባለሙያዋ «ታካሚዋ እንዳትንቀሳቀስ ከእሷ ጋር ተስማምተሃል ወይ?» ብላ መለሰችው። ፒቲቪ አይቆረጥም፤ የሁለቱ መደራረብ በዶዝ (የጨረር መጠን) ዕቅዱ ላይ በቅድሚያ አሰጣጥ ይፈታል። ስፋቱም ከግምት ሳይሆን ከየሕክምና ክፍሉ ልኬት መምጣት አለበት። ከታወቁት ቀመሮች አንዱ ስልታዊውን ስሕተት (በየቀኑ በአንድ አቅጣጫ የሚደጋገመውን) በ2.5፣ ዘፈቀዳዊውን (ከቀን ቀን የሚለዋወጠውን) በ0.7 አባዝቶ ይደምራል፤ ሁለቱም 3 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ኅዳጉ 9.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማኅፀን ግን ከአጥንት ተለይቶ ስለሚንቀሳቀስ፣ በባዶና በሙሉ ፊኛ የተነሡት ሁለት ምስሎች የሚያሳዩት የቦታ ለውጥ አስቀድሞ መካተት ይኖርበታል።

ከዚያ ፊኛ፣ ሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ)፣ አንጀትና የጭን አጥንት ራሶች ይካለላሉ። መስመሮቹን በአግድም ምስል ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከፊት በሚታዩት ምስሎችም መመርመር ግድ ነው፤ ያልተሰመረ ቁራጭ የሚገኘው በዚያ ነው። በ25 የሕክምና ቀናት 45 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በሚሰጥበት ዕቅድ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነሡት የማረጋገጫ ምስሎች ፊኛው ከፕላኑ ቀን በተደጋጋሚ ያነሰ መሆኑን ካሳዩ፣ ታካሚዋን ከመውቀስ ይልቅ እንደገና ምስል አንሥቶ ከሲቲቪው ጀምሮ ማስመር ነው።