ከደብረ ብርሃን ወደ ሐይቅ ሲጓዙ በጀልባ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሰሜን ሸዋ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ማለትም በወሎ ስሙም «ሐይቅ» በተባለው ሐይቅ ወዳለው ገዳም፣ የሚደረገው ጉዞ የቆየ ነው። የቡልጋው ተወላጅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ የተማሩት በዚያ በመሆኑ ቦታው ለሸዋ ምእመን እንግዳ አይደለም። መንገዱን እናውቀዋለን፤ ውኃውን ግን አናውቀውም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በብርድ ያደግን ደገኞች ስለሆንን፣ ከአንድ አውቶቡስ ሙሉ ተጓዥ መካከል ዋና የሚችል ሁለት ሦስት ሰው ቢገኝ ነው። ለጥቂት ዓመታት ጉዞ ሳስተባብር ያየኋቸውን፣ አንዳንዶቹንም ራሴ የሠራኋቸውን ስህተቶች እነሆ።

ዋጋን በነፍስ ወከፍ መደራደር። ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። የባለጀልባው ወጪ፣ ማለትም ነዳጁ፣ የሞተር ጥገናውና የነጂው አበል፣ አሥር ሰው ቢጭንም አሥራ አምስት ቢጭንም እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ እኛ ለእያንዳንዱ ሰው ባስቀነስነው መጠን እርሱ ጉድለቱን የሚሞላው በትርፍ ሰው ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ተከራክሬ ዋጋ ካስቀነስሁ በኋላ ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራች ጀልባ አሥራ ሰባት ሆነን ተሳፈርን። እጄን በጠርዙ ላይ አሳርፌ ስለነበር ጀልባዋ ዘንበል ባለች ቁጥር ጣቶቼ ውኃ ይነካሉ። ነጂውን ስወቅሰው «ጋሼ፣ ሒሳቡን እኮ እርስዎ ነዎት ያወጡት» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የምዋዋለው በጀልባው ነው፤ ስንት ሰው እንደሚይዝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፣ ዋጋውን በምልልስ እቆርጣለሁ፣ የተረፈው ሰው በሁለተኛው ዙር ይሄዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ጎብኚ ተመናምኗል። በዚህ ላይ እኛ ዋጋ ስንሰብርበት ያገኘውን እንግዳ ሁሉ መጫን የሚከጅል ባለጀልባ ቢኖር አይገርምም።

ከሰዓት በኋላ ደርሶ ወዲያው መሳፈር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማ በርን ወርዶ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በደሴ አልፎ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ሐይቁ ዳር የሚደርሰው ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ የብሱ ከውኃው ይበልጥ የሚግልበትና ነፋስ የሚነሣበት ነው። ባሕር ዳር ያሉ ሰዎችም ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴቶች በጠዋት መሄድን የሚመርጡት ለዚሁ ነው። ሐይቅ ከጣና በጣም ያንሳል ብሎ መናቅም አይገባም፤ የጣና ጥልቀት ከ15 ሜትር እምብዛም የማያልፍ ሲሆን የሐይቅ ግን ከ80 ሜትር ይበልጣል። ገዳሙ ዛሬ በየብስ የሚደረስበት ስለሆነ ለመሳለም ጀልባ ግዴታ አይደለም። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማይገቡ ግን ባሎቻቸው እስኪመለሱ ልጆቻቸውን ይዘው በጀልባ የሚዞሩት በብዛት እነርሱ ናቸው፤ አስተባባሪው ሊያስብበት የሚገባው ይህንን ነው።

ላይፍ ጃኬትን በጋቢ ላይ መደረብ። እናቶቻችን ጋቢያቸውን ማውለቅ ይከብዳቸዋል፤ ጃኬቱንም ከላይ ጣል አድርገው ማሰሪያውን ሳይቆልፉ ይቀመጣሉ። ውኃ የጠጣ ጋቢ ክንድና እግርን ይጠፍራል፤ ያልተቆለፈ ጃኬት ደግሞ ሰውየው ውኃ ውስጥ ሲገባ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ጋቢውም በርኖሱም አውቶቡስ ውስጥ ይቅር፣ ጃኬቱ በቀሚሱ ወይም በሸሚዙ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይቆለፍ። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት ማልበስ እንዳላለበሱት ይቆጠራል። መለኪያው ቀላል ነው፦ የጃኬቱን ሁለት ትከሻዎች ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት የልጁን ጆሮ ካለፈ አይሆነውም።

ለፎቶ መነሣት። ወፍ ታየ ተብሎ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ትንሽ ጀልባ የምትገለበጠው በዚያች ቅጽበት ነው።

ደንብን የገቢ ጠላት ማድረግ። ይህ ስህተት የባለጀልባውም የአስተዳደሩም ነው። አንዱ ደንቡ እንጀራውን የሚዘጋበት ይመስለዋል፤ ሌላው አዘቦት ቀን ዞር ብሎ ሳያይ ከርሞ አደጋ ሲሰማ ሐይቁን በሙሉ ይዘጋል። የተዘጋ ወደብ ደግሞ በበዓል ቀን ሰውን አያስቀረውም፤ ማንም ወደማያየው ዳርቻ ይወስደዋል እንጂ። በእኔ አስተያየት ጀልባዋ የምትይዘው የሰው ብዛት በጎኗ ላይ በትልቁ ቢጻፍና ከመነሣቷ በፊት አንድ ሰው ቢቆጥር፣ ከከባድ ቅጣት ይልቅ ይሠራል፤ ተሳፋሪውም ራሱ ይቆጥራልና።

በነፋስ ምክንያት «ዛሬ አልወጣም» ያለውን ነጂ ቀብድ መልስ ማለት። አንድ ሰው እውነቱን ስለተናገረ የቀን ገቢውን ካጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ነፋሱን እያየ ዝም ይላል። እኛ አሁን ገና ከደብረ ብርሃን ሳንነሣ በስልክ የምንዋዋለው ነፋስ ከተነሣ ቀብዱ ለማግስቱ ጠዋት እንዲተላለፍ፣ ማደር ካልቻልን ደግሞ ግማሹ ለእርሱ እንዲቀር ነው። አምና ሁለት ጊዜ ግማሹን ትተን ተመልሰናል።