የሊነክስ ላፕቶፕ ዋይፋይ አልሠራ ሲል ጥፋቱን በየደረጃው መለየት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባሉትን የሊነክስ ዓይነቶች የጫነ ሰው የዋይፋይ ምልክቱ ጭራሽ ጠፍቶ ቢያገኘው ብዙውን ጊዜ የሚቸኩለው ሲስተሙን እንደገና ለመጫን ነው። ያው ሲስተም ያንኑ ጉድለት ይዞ ስለሚመለስ ግን ይህ እምብዛም አይጠቅምም። የሚሻለው ጥፋቱ የማብሪያው፣ የዋይፋይ ካርዱ፣ የድራይቨሩ (ሲስተሙ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) ወይስ የፈርምዌሩ (ካርዱ ራሱ ሥራ ለመጀመር የሚጫንለት ፋይል) መሆኑን በቅደም ተከተል ማጣራት ነው። ትእዛዞች በላቲን ትንንሽ ፊደላት ስለሚተየቡ፣ እዚህ አኅጽሮታቸውን በፊደላቱ ስም፣ ሙሉ ቃላቸውን ደግሞ እንደሚነበብ ጽፌያለሁ።

በመጀመሪያ ለጥገናው የሚሆን ኢንተርኔት ያዘጋጁ። መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ቢሆኑ፣ የሞባይል ዳታ ካለዎት ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተው በስልኩ ቅንብር ውስጥ የዩኤስቢ ቴዘሪንግን ሲያበሩ ሊነክስ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ባለገመድ ኔትወርክ ይቀበለዋል።

ቀጥሎ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚተየብበትን መስኮት) ከፍተው «አር-ኤፍ-ኪል ሊስት» ብለው ይዘዙ። «ሶፍት ብሎክድ» ከሚለው ጎን «የስ» ካለ፣ «ሱዶ አር-ኤፍ-ኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል («ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈጽማል)። «ሃርድ ብሎክድ» ከሆነ ግን ትእዛዝ አይፈታውም፤ በላፕቶፑ ጠርዝ ያለውን ማብሪያ ወይም በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የአንቴና ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ይፈልጉ። ዊንዶውስም አብሮ ካለ፣ ፈጣን ማስነሻው ካርዱን እንደያዘ ሊቆይ ስለሚችል ያንን አጥፍተው ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ይዝጉት።

ካርዱ መታየቱን ለማወቅ፣ ከውስጥ ለተገጠመው «ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ»፣ በዩኤስቢ ለሚሰካው ደግሞ «ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» ይጻፉ። በሁለቱም ስሙ ከሌለ ጉዳዩ የሶፍትዌር ላይሆን ይችላል፤ ያገለገለ ዕቃ ላይ ካርዱ ከመሰኪያው ላልቶ ወይም ጨርሶ ተነቅሎ መገኘቱ አያስገርምም።

ካርዱ ከታየ ዋናው ሥራ እዚህ ይጀምራል። ከ«ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ» በኋላ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና «ኬ» ሲጨምሩ ከየካርዱ ሥር የሚሠራበት ድራይቨር ይወጣል። የኢንቴል ካርዶች ድራይቨር ከከርነሉ (ከሊነክስ ዋና ክፍል) ጋር ስለሚመጣ ብዙ አያስቸግርም፤ አንዳንድ የብሮድኮም ካርዶች ግን ለብቻ የሚጫን ድራይቨር ስለሚፈልጉ፣ በኡቡንቱ «ተጨማሪ ድራይቨሮች» ከሚለው መስኮት ይምረጡት። ሴኪዩር ቡት (ያልጸደቀ ሶፍትዌር በማስነሻ ጊዜ እንዳይሠራ የሚከለክለው ጥበቃ) ከበራ በጭነቱ ወቅት የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ፤ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ያንኑ ቃል አስገብተው ካላጸደቁ ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም። ሰዎች «ጭኜው እምቢ አለ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ገጽ ሳያነቡ ስለሚያልፉት ይመስለኛል።

ድራይቨሩ ኖሮ ዋይፋዩ ካልተነሣ «ሱዶ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ» ብለው በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ፈርምዌር» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። መጫን አልተቻለም ብሎ ኔጌቲቭ 2 የሚል የስህተት ቁጥር ከሰጠ፣ ፋይሉ በቦታው የለም ማለት ነው። የኡቡንቱ የፈርምዌር ጥቅል በመቶዎች ሜጋባይት ሊቆጠር ስለሚችል በስልክ ዳታ ከማውረድዎ በፊት ያስቡበት፤ በዴቢያን ግን በየአምራቹ ስለተከፋፈለ የሚያስፈልገውን ብቻ መውሰድ ይቻላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴቢያን 12 እነዚህን ፋይሎች ከመጫኛው ጋር ስለሚያመጣ ከቀደሙት ይሻላል።

ዋይፋዩ ተገናኝቶ የሚቆራረጥ ከሆነ በቅድሚያ ራውተሩ አጠገብ ሆነው ይሞክሩት። እንደ መንዝ ያሉት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳዎች በተለይ የ5 ጊጋኸርዝን ሞገድ ስለሚያዳክሙ ካርዱ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። እዚያም ከተቆራረጠ፣ በኡቡንቱ የኔትወርክ ማኔጀር ቅንብር ውስጥ የዋይፋይ ፓወርሴቭን (የኃይል ቁጠባን) ዋጋ ከ3 (በርቷል) ወደ 2 (ጠፍቷል) ቀይረው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡት።