ከፍል ውሃ ደለል የወጣ ዲኤንኤ ፒሲአር ላይ እምቢ ሲል

የዋንዛዬ ፍል ውሃ ደለል ባሕር ዳር ላብራቶሪ ደረሰ፤ ዲኤንኤውም ወጣ። ዲኤንኤን በብዙ ቅጂ የሚያባዛው ፒሲአር ግን እምቢ አለ። ባክቴሪያዎችን የምንለይበት 16ኤስ ጂን፣ ዲኤንኤን በርዝመቱ በሚለየው ጄል ላይ 1500 ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ መስመር ማሳየት ነበረበት። ባዶ! ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ዲኤንኤ የገባበት የማነጻጸሪያ ቱቦ ግን ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ስለዚህ ማሽኑም ኬሚካሉም ደህና ናቸው።

ዲኤንኤው አንሶ ነው ወይስ የሚያግደው ነገር አለ? ለመለየት ያንኑ የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ ከናሙናው ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ ቀላቀልኩት። እሱም ጠፋ። በቃ፣ አጋጅ አለ ማለት ነው። የዲኤንኤውን ንጽሕና በብርሃን የሚለካው የ260/230 ንባብም ከ1 በታች ነበር፤ ንጹሕ ዲኤንኤ 2 አካባቢ ያሳያል። ዋናው ተጠርጣሪ ከበሰበሰ ቅጠላ ቅጠል የሚመጣው ሂዩሚክ አሲድ ነው፤ በፒሲአር ዲኤንኤውን የሚቀዳውን ታክ ኢንዛይም ሥራ ያስፈታል። የሚያስቀው፣ ታክ ራሱ የፍል ውሃ ልጅ ነው። የተገኘው ቶማስ ብሮክና ሀድሰን ፍሪዝ በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ ካስተዋወቁት፣ የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ሙቀት አይበግረውም፤ ጭቃ ግን ይጥለዋል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ዲኤንኤውን 10 እጥፍ አቀጠንኩት። በየማይክሮሊትሩ 0.4 ማይክሮግራም ቢኤስኤ የተባለ ፕሮቲንም ጨመርኩ፤ እሱ አጋጁን በራሱ ላይ ይይዛል። መስመሩ ደምቆ ወጣ። 100 እጥፍ የቀጠነውም ሠርቷል፣ ግን ደብዛዛ ነው። ብዝኃነት ለሚያጠና ሰው እሱን አልመክርም፤ በጣም ሲቀጥን ቁጥራቸው ትንሽ የሆኑት ዝርያዎች ቱቦው ውስጥ ሳይገቡ ይቀራሉ።