የሕግ መመረቂያ ጽሑፍ፦ ነጥብ የሚያስገኘውና የሚያስጥለው

5ኛ ዓመት እንደገባችሁ ሬጅስትራር ሂዱና ውጤታችሁን ከካሪኩለሙ ጋር ኮርስ በኮርስ አመሳክሩ። ያልተሞላ አንድ ኮርስ ምርቃት ያስቀራል። ድምር ውጤት ከ2.00 ማነስ የለበትም፤ የመውጫ ፈተና ማለፊያው ደግሞ 50 በመቶ ነው።

ጽሑፉ ላይ ገምጋሚ አጥብቆ የሚያየው የጥያቄውን ጥበት ነው። «የመሬት ካሳ በኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ አያልቅም። «በለገጣፎ ለተነሱ አርሶ አደሮች ካሳ እንዴት ተሰላ?» ግን ይሠራል። ከሰበታ፣ ከገላን ወይም ከለገጣፎ ፍርድ ቤት መዝገብ የምትፈልጉ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ቀድማችሁ አውጡ። መዝገቡ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የትርጉም ጊዜም ያዙ፤ ብዙዎች የሚዘገዩት እዚህ ላይ ነው።

በጣም የሚያሳዝነው ስህተት የተሻረ ሕግ ላይ ምዕራፍ ሙሉ መገንባት ነው። የመሬት ማስለቀቅ አዋጅ 455/1997 በ1161/2011 ተተክቷል፤ የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 377/1996 ደግሞ በ1156/2011። ከአዋጁ በኋላ ማሻሻያ መውጣቱንም ፈትሹ። የነጋሪት ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ስለዚህ ከእንግሊዝኛው ብቻ አትጥቀሱ። የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ ስትጠቅሱ የመዝገብ ቁጥሩንና የታተመበትን ቅጽ (ጥራዝ) ጻፉ፤ ቀጥሎም ውሳኔው ትክክል ነው ወይስ አይደለም፣ ለምን? የሚለውን መልሱ። ጥሩ ውጤት የሚመጣው ከዚህ ትንተና ነው፤ አንቀጽ መደርደር ማለፊያ እንኳ ላያስገኝ ይችላል።

ጽሑፋችሁን በገምጋሚዎች ፊት ካቀረባችሁና ከተከላከላችሁ (ዲፌንስ) በኋላ የታዘዘውን እርማት ወዲያው ጨርሱና የአማካሪና የገምጋሚ ፊርማ አሰባስቡ፤ ያለ ፊርማ ውጤቱ ሬጅስትራር አይደርስም።