«ስምዎ በጣም ረጅም ነው» የሚል ፎርም፦ ፒኤችፒ የአማርኛ ፊደል ሲቆጥር የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ኮሌጅ የመመዝገቢያ ድረ ገጽ አሠራ እንበል። ፎርሙ ላይ «ስም ከ30 ፊደል መብለጥ የለበትም» ይላል። አንድ ተማሪ ገብቶ «ሰይድ አህመድ ይመር» ብሎ ይሞላል። ፎርሙ በቀይ «ስምዎ በጣም ረጅም ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

እስቲ ቁጠሩት። ፊደሉ 10 ነው፤ ሁለቱ ክፍት ቦታዎች ሲጨመሩ 12። ያው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ 16 ይሆናል፣ እሱ ግን ያለ ምንም ጥያቄ ያልፋል። ታዲያ ልጁ ምን ያደርጋል? ወይ የአያቱን ስም ይቆርጣል፣ ወይ በላቲን ይጽፋል። ይሄ ትንሽ ነገር ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም ባይ ነኝ። ሰው በገዛ ከተማው፣ በገዛ ፊደሉ፣ ስሙን ሙሉ አድርጎ መጻፍ መቻል አለበት። መስተካከሉም ከባድ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ኮድ ነው።

የፒኤችፒን፣ ማለትም ድረ ገጽ ሰርቨር ላይ የሚሠራበትን የኮድ ቋንቋ፣ ትእዛዞች ስም እዚህ የምጽፈው አፋችን እንደሚጠራቸው በፊደላችን ነው። ኮዳችሁ ውስጥ ግን እንደተለመደው በላቲን ጻፏቸው።

ምልክት፦ ቁጥሩ ሦስት እጥፍ ሆኖ ይመጣል

የጽሑፍ ርዝመት የሚነግረውን ትእዛዝ ስትርለን("ደሴ") ብላችሁ ስትጠይቁት 2 ማለት ሲገባው 6 ይላል። «ኮምቦልቻ» 5 መሆን ሲገባው 15 ይሆናል።

ምክንያቱ ስትርለን ፊደል ቆጥሮ ስለማያውቅ ነው። የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ባይት ማለት ኮምፒውተሩ ጽሑፍን የሚያስቀምጥበት ትንሽ ቁጥር ነው። ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፣ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት። «ደሴ» ሰርቨሩ ጋ ስትደርስ ስድስት ቁጥሮች ናት፦ ለ«ደ» 225፣ 139፣ 176፤ ለ«ሴ» 225፣ 136፣ 180። ከ«ሀ» እስከ «ፗ» ያሉት ፊደሎች በሙሉ በ225 ነው የሚጀምሩት፣ ስለዚህ የተበላሸ ዳታ ስታዩ 225 ከበዛባችሁ አማርኛ እንደነበረ ገምቱ። አሁን የሰይድን ስም አስሉት፦ 10 ሲባዛ በ3፣ ሲደመር 2 ክፍት ቦታ፣ 32። ከ30 በለጠ፤ በቃ፣ ፎርሙ የመለሰው ለዚህ ነው።

ፒኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ የእኛ ፊደል ገና ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጥ የጋራ መዝገብ) ውስጥ አልገባም ነበር፤ የገባው በ1999 ከወጣው 3.0 ጀምሮ ነው። ስትርለን የተሠራው አንድ ባይት አንድ ፊደል ተብሎ በሚታሰብበት ጊዜ ነው፣ ባህሪውም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ደግሞም መለወጥ የለበትም፣ ምክንያቱም የፋይል መጠን ሲለካ ባይት መቁጠሩ ያስፈልጋል።

መፍትሄው ኤምቢ_ስትርለን ነው፦ «ኤምቢ»፣ የታች ሰረዝ፣ ከዚያ «ስትርለን»። ሁለተኛ ቦታ ላይ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጻፉለት። ከፒኤችፒ 5.6 ወዲህ ባትጽፉትም ራሱ እንደዚያ ይወስደዋል፣ ግን የሰርቨሩን ሴቲንግ ማን እንደነካካው ስለማይታወቅ መጻፉ ይሻላል። አሁን «ሰይድ አህመድ ይመር» 12 ይሆናል።

ይሄው ችግር በተቃራኒውም ይመጣል፣ ያኛው ደግሞ ድምፅ ስለሌለው የባሰ ነው። «የይለፍ ቃል ቢያንስ 6 ፊደል ይሁን» ያለ ፎርም በስትርለን ከቆጠረ «ደሴ» የምትለውን ሁለት ፊደል ይቀበላል። ማንም ቅሬታ አያቀርብም፣ ስለዚህ ሳይታወቅ ይኖራል። ከፍተኛውን ስታስተካክሉ ዝቅተኛውንም አብራችሁ እዩ።

ምልክት፦ ላፕቶፓችሁ ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ ሲጫን ገጹ ይሞታል

ስህተቱ «የማይታወቅ ፋንክሽን» የሚል ከሆነ በ«ኤምቢ_» የሚጀምሩትን ትእዛዞች የያዘው ኤምቢስትሪንግ የሚባለው ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) ሰርቨሩ ላይ የለም ማለት ነው። ላፕቶፕ ላይ ፒኤችፒን መሞከሪያ በሆነው ዛምፕ ላይ ከመጀመሪያው ስለሚበራ ብዙ ሰው እንዳለ እንኳ አያውቅም። ኡቡንቱ ከሆነ የፒኤችፒ ኤምቢስትሪንግ ጥቅሉን ጭናችሁ አፓቺን ወይም ኤፍፒኤምን ሪስታርት አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ በእጅ ከጫናችሁት የፒኤችፒ አይኤንአይ ፋይሉን ክፈቱና ኤክስቴንሽኑ ካለበት መስመር ፊት ያለችውን ነጠላ ሰረዝ የመሰለች ምልክት፣ ሴሚኮለኗን፣ አጥፏት። የተከራያችሁት ሆስቲንግ ከሆነ ደግሞ ፓነሉ ውስጥ የፒኤችፒ ኤክስቴንሽኖች ዝርዝር ፈልጉ፤ ካላገኛችሁት አከራዮቹን ጠይቋቸው። እስኪያበሩላችሁ ድረስ አይኮንቪ_ስትርለን ያው ሥራ ይሠራል።

ምልክት፦ የተቆረጠ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ሳጥን ይታያል

ዜናውን በ100 ቆርጣችሁ «ተጨማሪ ያንብቡ» ብላችኋል። አንዳንዱ ዜና ደህና ነው፣ አንዳንዱ ግን ጫፉ ላይ ያ አስቀያሚ ምልክት አለበት። ጽሑፍ መቁረጫው ትእዛዝ ሰብስትር የሚቆርጠውም በባይት ስለሆነ ነው። 100 ለ3 ስታካፍሉ 33 ይደርስና 1 ይተርፋል፤ ያቺ የተረፈች አንድ ባይት የፊደል ሲሦ ናት፣ ብራውዘሩ ምን ብሎ ያንብባት? ክፍት ቦታ አንድ ባይት ስለሆነ ቆረጣው የት እንደሚያርፍ እንደ ዜናው ይለያያል። አንዳንዱ ላይ ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው።

ጉዳቱ ከመልክ ያልፋል። ያ የተጎረደ ጽሑፍ ዳታን ለአፕ ወደሚያዘጋጀው ጄሰን_ኢንኮድ ከገባ ፋንክሽኑ ፎልስ (አልተሳካም) ብሎ ይመልሳል፣ የሞባይል አፑም ባዶ ገጽ ይሆናል። ከፒኤችፒ 8.1 በፊት ደግሞ ጽሑፍን ገጽ ላይ ለማሳየት የሚያዘጋጀው ኤችቲኤምኤልስፔሻልቻርስ ጽሑፉን በሙሉ ባዶ አድርጎ ይመልሰው ነበር። አንድ ባይት ተበላሸ ተብሎ ዜናው በሙሉ ይጠፋል፣ ፈልጎ ማግኘቱ ደግሞ ራስ ያዞራል። ስለዚህ በኤምቢ_ሰብስትር ቁረጡ። ስትር_ስፕሊት (ጽሑፍ ከፋፋዩ) የነበረውን ኤምቢ_ስትር_ስፕሊት አድርጉት፣ ከ7.4 ጀምሮ አለ። ደረሰኝ ላይ ዓምዶች አልገጥም ካሏችሁ ተጠያቂው ጽሑፍን እስከተፈለገው ርዝመት የሚሞላው ስትር_ፓድ ነው፤ ኤምቢ_ስትር_ፓድ የመጣው በ8.3 ነው።

ምልክት፦ ፊደሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ፎርሙ «ያልተፈቀደ ፊደል» ይላል

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እዩት። ብዙ ሰው የሚጽፈው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የትኞቹ ፊደሎች እንደሚፈቀዱ የሚገልጽ ደንብ) [ሀ-ፐ] የሚል ነው። ሁለት ስህተት አለው። አንደኛ፣ መጨረሻው ላይ የ«ዩ» ምልክት ከሌለ ደንቡን የሚፈትሸው ትእዛዝ ፕሬግ_ማች ፊደሎቹን እንደ ባይት ነው የሚያያቸው፤ «ከ2 እስከ 30 ፊደል» ያላችሁትም 30 ባይት ይሆንና ሰይድ እንደገና ይመለሳል።

ሁለተኛው የተደበቀ ነው። ፐ የፊደል ገበታው መጨረሻ መስመር መሆኑ ልክ ነው፣ ግን መስመሩ ፐ ላይ አያልቅም፤ ፑ፣ ፒ፣ ፓ፣ ፔ፣ ፕ፣ ፖ ይከተላሉ። [ሀ-ፐ] ያለ ኮድ እነዚህን በሙሉ ውጭ ያስቀራቸዋል። አድራሻው ላይ «ደሴ ሰኞ ገበያ» ያለ ሰው ያልፋል፣ «ደሴ ፒያሳ» ያለው ይመለሳል፣ ሠሪው ደግሞ ከፒያሳ የሚመጣ ደንበኛ ለምን እንደማይመዘገብ ግራ ይገባዋል። ቢያንስ እስከ ፗ አድርሱት። የሚሻለው ግን የኢትዮጵያ ፊደል በሙሉ የሚለውን የዩኒኮድ መደብ መጠቀም ነው፤ የ«ፒ» መለያው ከጠማማ ቅንፍ ጋር፣ ቅንፉ ውስጥ ኢትዮፒክ የሚለው ስም። ክፍት ቦታውን መፍቀድም አትርሱ።

ምልክት፦ ሁለት ጽሑፎች አንድ ዓይነት ይመስላሉ፣ ቁጥራቸው ግን ይለያያል

ይሄ የእኛው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። አራት ነጥብ በዩኒኮድ አንድ ምልክት ናት። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታታል። «ሰላም።» 4 ነው፣ «ሰላም፡፡» 5። ስክሪን ላይ ለይቶ ማየት ይከብዳል። ሰፈሩን «ቧንቧ ውሃ» ብሎ የጻፈ 6 ይሆንለታል፣ «ቡዋንቡዋ ውሃ» ብሎ የጻፈ 8። «ቧ» አንድ ፊደል ናት፣ ኤምቢ_ስትርለንም በትክክል አንድ ብሎ ይቆጥራታል፤ ኮዱ አልተሳሳተም።

ለአራት ነጥቡ ከመቁጠር በፊት «፡፡» ያለውን በ«።» ተኩ። ከወርድ ወይም ከቴሌግራም የተቀዳ ጽሑፍ ደግሞ ጫፉ ላይ የማይታይ ክፍት ቦታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትሪም የተለመደውን ያነሳል እንጂ የማይሰበረውን ክፍት ቦታ አያነሳም፣ እሱን በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ማንሳት አለባችሁ። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ከሆነ መቁጠሩን እርሱት፤ ፎንቱ ነው አማርኛ የሚያስመስለው እንጂ ውስጡ የላቲን ምልክት ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር።

ምልክት፦ ብራውዘሩ 200 ይላል፣ ሰርቨሩ 204

ይሄኛው ቶሎ ያልቃል። ጃቫስክሪፕት የእኛን ፊደል አንድ አንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ ጥፋቱ ፊደሉ ጋ አይደለም። ረጅም ጽሑፍ በሚሞላበት ሳጥን ውስጥ ኢንተር ሲመታ ብራውዘሩ አንድ ይቆጥራል፣ ሲልከው ግን ሁለት ምልክት አድርጎ ነው። አራት ጊዜ ኢንተር የመታ ሰው አራት ይበልጥበታል። ሰርቨሩ ላይ ጥንዱን ወደ አንዱ ቀይሩና ከዚያ ቁጠሩ። ኢሞጂ ካለ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ተራውን ኢሞጂ ጃቫስክሪፕት 2 ይለዋል፣ ኤምቢ_ስትርለን 1። ከብዙ ኢሞጂ የተገጣጠሙትን፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ምስሎቹን፣ ሰው እንደሚያያቸው አንድ ብሎ የሚቆጥረው ግራፊም_ስትርለን ነው።

ምልክት፦ ኤምቢ_ስትርለን ራሱ እንግዳ ቁጥር ይሰጣል

እዚህ ቁጥሩ ራሱ በሽታውን ይነግራችኋል። «ደሴ» 14 ከሆነች ገጹ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ አልተነገረውም፣ ብራውዘሩም ፊደሎቹን ወደ ቁጥር ቀይሮ ደሴ አድርጎ ልኳቸዋል። ገጹ ራስጌ ላይ የቻርሴት (የፊደል አጻጻፉን የሚናገረውን) መስመር ጨምሩ። 6 ከሆነች ደግሞ ባይቶቹ እንደ ላቲን ፊደል ተነብበው እንደገና ተቀምጠዋል፤ ከዳታቤዝ ጋር ያለውን ግንኙነት ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 የሚጠራበት ስም) አድርጉት። ይሄ ዳታ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይስተካከላል።

የሚያሳዝነው 2 ብሎ በትክክል ቆጥሮላችሁ ከፍታችሁ ስታዩት «??» ሆኖ የምታገኙት ነው። ሠንጠረዡ አማርኛ መያዝ የማይችል ሆኖ ፊደሎቹን በጥያቄ ምልክት ተክቷቸዋል፣ እነሱ አይመለሱም። ስለዚህ ቁጥሩ ልክ ነው ብላችሁ አትለፉት። ዳታቤዙም፣ ሠንጠረዡም፣ ግንኙነቱም ሦስቱም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይሁኑ፣ መረጃ መሰብሰብ ሳትጀምሩ። ማይኤስኪውኤል ውስጥ ስትቆጥሩ ሌንግዝ ባይት ነው፣ ቻር_ሌንግዝ ፊደል። ቫርቻር 30 ያላችሁት ዓምድ 30 ፊደል ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ዓምዱን 90 ማድረግ አያስፈልግም።

ምልክት፦ ለወላጆች የሚላከው የኤስኤምኤስ ሂሳብ ካሰባችሁት በላይ ይመጣል

ብዙ ሰው «አንድ መልእክት 160 ፊደል» የሚለውን ይዞ ነው የሚያሰላው። 160 ለላቲን ነው። መልእክቱ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ብቻ ከገባች ሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል፤ ከ70 ካለፈ ደግሞ ተከፋፍሎ ስለሚላክ እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል። 150 ፊደል ያለው የአማርኛ ማስታወቂያ 3 መልእክት ነው የሚታሰበው። እዚህ በስትርለን የቆጠረ ሰው ጭራሽ 450 አካባቢ አግኝቶ 7 መልእክት ያስባል። በኤምቢ_ስትርለን ቁጠሩ፣ ኢሞጂ ካለ ሁለት አድርጋችሁ ያዙት፣ ከ70 ካለፈ ለ67 አካፍላችሁ ወደ ላይ አጠጋጉ። ላኪው ጽሑፉን እየጻፈ ሳለ ቀሪውን ፊደል የሚያሳይ ቆጣሪ ብታደርጉለት ደግሞ ብዙውን መልእክት ራሱ 70 ውስጥ ያስገባዋል።