ፒንቦል ስትሠሩ ኳሷን የውሸት የሚያስመስሉ ስህተቶች

የዊንዶውስ ኤክስፒን ዘመን የደረሰ ሰው ስፔስ ካዴት የምትባለዋን ፒንቦል (በተዳፋት ጠረጴዛ ላይ የምትወርድ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት ጌም) ሳይነካካት አላለፈም። ቪስታ ላይ የጠፋችው ለምን እንደሆነ የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን ጽፏል፦ ወደ 64 ቢት ዊንዶውስ ሊያሻግሯት ሲሞክሩ ኳሷ ማስወንጨፊያውን ጥሳ ቁልቁል ትወርድ ጀመር። ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ስላላገኙት ጌሟን አወጧት። ዛሬ ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ ፒንቦል መሥራት የሚጀምር ሰውም ብዙ ሳይቆይ ይህቺኑ ግድግዳ የምታልፍ ኳስ ያገኛታል።

መነሻው ሴቲንጉን እንዳለ መተው ነው። ዩኒቲ ካልነካችሁት ፊዚክሱን የሚያሰላው በሰከንድ 50 ጊዜ ነው። የእውነተኛዋ የብረት ኳስ ውፍረት 27 ሚሊሜትር ነው፤ በሰከንድ 3 ሜትር ስትከንፍ በሁለት ስሌቶች መሃል 60 ሚሊሜትር ትሄዳለች። አንዴ ከፍሊፐሩ (ኳሷን ከሚመታው ክንድ) ወዲህ፣ ቀጥሎ ከፍሊፐሩ ወዲያ፤ ኮዱ መጋጨታቸውንም አያውቅ። ግድግዳ ማወፈር ለጊዜው ያስታግሳል፣ ፍሊፐር ግን አይወፍርም። በስሌቶቹ መሃል ያለውን ጊዜ አሳጥሩ፣ የኳሷንም የግጭት ፍተሻ ተከታታይ (በመሃል ያለፈችበትን መንገድ ጭምር የሚፈትሽ) አድርጉት። ቪዥዋል ፒንቦል የተባለው የፒንቦል ማስመሰያ ፕሮግራም በሰከንድ 1000 ጊዜ ያሰላል።

ሁለተኛው ስህተት ኳሷን ማንሸራተት ነው። ኳስ ትንከባለላለች እንጂ አትንሸራተትም፤ ከቁልቁለቱ የምታገኘው ጉልበት ከፊሉ ለመሽከርከር ይውላል። በ6.5 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ያለ ሰበቃ የምትንሸራተት ኳስ ፍጥነቷ በየሰከንዱ በ1.1 ሜትር ሲጨምር፣ የምትንከባለለው በ0.8 ብቻ ነው። «ኳሷ ቀለለችብኝ» የሚል ተጫዋች ብዙ ጊዜ ይህ ነው የሚሰማው። በብዙ የዩኒቲ ስሪቶች ደግሞ የሽክርክሪት ፍጥነት ጣሪያው በሰከንድ 7 ሬዲያን (ከአንድ ዙር ጥቂት የሚበልጥ) ነው። ያቺ በ3 ሜትር የምትከንፈው ኳስ ከ220 በላይ ያስፈልጋታል! ጣሪያውን ካላነሳችሁ ሰበቃውን የቱንም ያህል ብታስተካክሉ ከንቱ ድካም ነው።

ፍሊፐሩን በአኒሜሽን ማንቀሳቀስ ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል። አኒሜሽን ፍሊፐሩን ከቦታ ቦታ ያዘዋውረዋል እንጂ ለኳሷ የሚያካፍለው ፍጥነት አይሰጠውም። ሠሪው ይህን ለመሸፈን የተወሰነ ግፊት ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ምት አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ማነጣጠር የሚባል ነገርም ይቀራል። በእውነተኛው ማሽን ጫፉ ከሥሩ ይልቅ ስለሚፈጥን ኳሷ የት ላይ እንደተመታች ለውጥ ያመጣል። ፍሊፐሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮይልም (ኤሌክትሮማግኔቱ) ሁለት የሽቦ ጥቅል አለው፤ ኃይለኛው ያነሳል፣ ደካማው ይዞ ያቆያል። ጎበዝ ተጫዋች ኳሷ ስትደርስ ፍሊፐሩ ልክ ጉዞውን እንዲጨርስ አድርጎ በመጫን እዚያው ያበርዳታል። ጌማችሁ ይህን ካላስቻለ ጎበዞቹ ወዲያው ይነቁበታል።

ተጫዋቹ ማሽኑን ሲገፋ በኮዱ ኳሷን ራሷን መግፋትም የተለመደ ስህተት ነው። የሚነቃነቀው ሣጥኑ ነው፤ ኳሷ ግፊቱ የሚደርሳት በዋናነት በዚያች ቅጽበት ላስቲክ ወይም ግድግዳ እየነካች ከሆነ ነው።

«እውነተኛ እንዲመስል» ብለው በየግጭቱ ራንደም ቁጥር የሚጨምሩም አሉ። ባምፐሮቹ (ኳሷን መልሰው የሚያስፈነጥሩት) መሃል የገባች ኳስ በየት እንደምትወጣ ያለ ራንደምም ቀድሞ የሚያውቅ የለም።